ከባህር ዳር ወጣ ብላችሁ አዲስ መጽሐፍ ቤት ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን እንዳትመለሱ፦ ከስልክ ጥሪው እስከ ቤታችሁ ድረስ

ሐሙሲት በሉት ወረታ፣ መራዊ በሉት ዘጌ፣ "እዚያ አዲስ መጽሐፍ ቤት ተከፍቷል" ሲባል ሰው ደስ ብሎት ይነሳና ይሄዳል፣ ከዛ ተናዶ ይመለሳል። የምሰማው ቅሬታ ሁሌ አንድ አይነት ነው፦ ሄድኩ ዝግ ነበር፣ ሄድኩ የፈለግኩት አልነበረም፣ ስልኬ ላይ ብር እያለ ኔትወርክ እምቢ አለኝ፣ ገዝቼ ቤት ስገባ መሃሉ ባዶ ገጽ ሆኖ አገኘሁት። ይሄ ሁሉ ቀድሞ መከላከል የሚቻል ነገር ነው፣ አብዛኛውን እንዲያውም ከቤት ሳትወጡ።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ያዙልኝ። ትንሽ ከተማ ላይ በራሱ ገንዘብ መጽሐፍ ቤት የከፈተ ሰው ከአንድ ርዕስ አንድ ወይ ሁለት ኮፒ ነው የሚያስመጣው፣ ከዛ በላይ ካስቀመጠ ብሩ መደርደሪያ ላይ ታስሮ ይቀራል። ሱቁን የሚጠብቀውም ብዙ ጊዜ ብቻውን ስለሆነ ምሳ ሲወጣ ይዘጋል፣ ለቅሶ ሲሄድ ይዘጋል። ስለዚህ ዝም ብላችሁ ገብታችሁ መደርደሪያ ቃኝታችሁ የምትወጡ ከሆነ ከሱቁ ያገኛችሁት ግማሹን ነው። ምን እንዳለ፣ ምን በመንገድ ላይ እንደሆነ፣ ምን ማስመጣት እንደሚቻል የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። እሱን ማናገር አለባችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊትም ከሄዳችሁ በኋላም።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ምረጡ

ካላንደር አውጡና እነዚህን ሰርዙ፦

እሁድ። ክፍት ነው ብለው ቢነግሯችሁም ጠዋቱን ቤተክርስቲያን ስለሚሄዱ የሚከፈትበት ሰዓት አይታወቅም።

የወር በዓላት። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 ባለእግዚአብሔር። ሁሉም ይዘጋል ማለቴ አይደለም፣ ግን አርፍዶ ሊከፈት ይችላል። የከተማው ደብር ታቦት የሚነግሥበት ቀን ከሆነ ግን ጭራሽ አትሂዱ፣ ከተማው በሙሉ እዛ ነው የሚውለው።

የገበያ ቀን። እዚህ ላይ ሰው ይከራከረኛል ምክንያቱም በገበያ ቀን መኪና እንደልብ ይገኛል። እውነት ነው፣ ግን ሱቁ እስክሪብቶና ደብተር በሚገዛ ሰው ስለሚጨናነቅ ባለቤቱ ሁለት ደቂቃ እንኳን ሊያናግራችሁ አይችልም፣ የመልስ መኪናውም በጭነትና በሰው ይሞላል። የዛ ከተማ ገበያ የትኛው ቀን እንደሆነ በስልክ ጠይቁ፣ ከተማ ከተማው ይለያያል።

ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ። ትምህርት ሊከፈት ሲል የዚህ አይነት ሱቅ ደህና ገቢ የሚያገኘው ከደብተር ነው፣ ስለዚህ ደብተሩ በካርቶን በካርቶን ተደርድሮ የመጽሐፍ መደርደሪያውን ይሸፍነዋል። በዛ ሰሞን ሄዶ "ምንም የለውም" ማለት ለሱቁም ግፍ ነው፣ ለናንተም ኪሳራ።

የሚሻለው የገበያ ቀን ያልሆነ የስራ ቀን ነው፣ ጠዋት ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ከ8 ሰዓት በፊት አትድረሱ፣ ምሳ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ።

ደረጃ 2፦ ሊስታችሁን በወረቀት ጻፉ

ስልክ ላይ ያለ ሊስት ባትሪ ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል፣ ደግሞ ወረቀት ለባለቤቱ ትታችሁለት ትመጣላችሁ። ለያንዳንዱ መጽሐፍ ይሄን አስፍሩ፦ ሙሉ ርዕስ፣ የደራሲው ስም ከነአባቱ፣ ቅጽ ካለው ስንተኛው ቅጽ፣ የተለየ እትም ከፈለጋችሁ የታተመበት ዓመት።

ዓመቱ ላይ ተጠንቀቁ። እዚህ ሀገር የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ በአብዛኛው በእኛ አቆጣጠር ነው ዓመቱ የሚጻፍበት፣ ከኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁት ዝርዝር ደግሞ በፈረንጅ ሊሆን ይችላል፣ 7 ወይ 8 ዓመት ልዩነት ስላለው "ይሄ የቆየ እትም ነው" ብላችሁ የምትፈልጉትን ራሱን ትታችሁ እንዳትመጡ።

ሌላው ፊደል ነው። ሱቁ ቴሌግራም ላይ የመጽሐፍ ዝርዝር ካለው ፍለጋው ላይ የጻፋችሁት ፊደል ከተለጠፈው ጋር ካልገጠመ ምንም አያመጣም። "ፀሐይ" ብላችሁ ያጣችሁት "ጸሐይ" ወይም "ፀሀይ" ተብሎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ጸ እና ፀን፣ ሀ ሐ ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን እየቀያየራችሁ ሞክሩ። ከርዕሱ ውስጥ እነዚህ ፊደላት የሌሉበትን አንድ ቃል ብቻ መርጣችሁ መፈለግ ደግሞ ከሁሉም ይፈጥናል።

ሊስቱን ለሦስት ክፈሉት፦ የግድ የምፈልገው፣ ካለ የምወስደው፣ የመጀመሪያው ከጠፋ በምትኩ የምወስደው። ሦስተኛውን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ ከዛ የመጀመሪያው ሲጠፋ የትራንስፖርቱን አውጥቶ ዝም ብሎ ይመለሳል።

ርዕሱን ካላስታወሳችሁት፦ የሽፋኑን ቀለም፣ ስለምን እንደሆነ፣ መቼ አካባቢ እንዳያችሁት ጻፉ። የድሮ ኮፒ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ሽፋኑን ፎቶ አስነሱና ላኩላቸው። መጽሐፍ ሻጭ በሽፋን ያስታውሳል።

ደረጃ 3፦ ደውሉ፣ በትክክል ጠይቁ

ይሄን ደረጃ የዘለለ ሰው ነው በብዛት የሚያማርረው። የሚደውለውም ቢሆን ጥያቄው ልክ አይደለም። "እንትን የሚባል መጽሐፍ አላችሁ?" ትላላችሁ፣ እሱ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ሲያየው ትዝ ስለሚለው "አለ" ይላችኋል፣ ስትደርሱ ትናንት ተሽጧል። ስለዚህ ከመደርደሪያው አንስቶ በእጁ ይዞ እንዲያናግራችሁ አድርጉ። እንዲህ በሉ፦

"ጤና ይስጥልኝ፣ መጽሐፍ ቤቱ ነው? ከባህር ዳር ነው የምደውለው። ሐሙስ ጠዋት ልመጣ አስቤ ነበር፣ ትከፍታላችሁ? እሺ። አንድ መጽሐፍ ልጠይቅህ፣ እባክህ አንስተህ ያዘውና ንገረኝ... ስንተኛው ቅጽ ነው? ዋጋው ስንት ሆነ? እስከ ሐሙስ ምሳ ሰዓት በስሜ አስቀምጥልኝ፣ ካልደረስኩ ሽጠው።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትረሷት። አስቀምጡልን ብሎ የሚቀር ሰው ስለበዛ ሻጮች ለማያውቁት ሰው ማስቀመጥ ይፈራሉ፣ ሰዓት ስትቆርጡለት ግን አይከብደውም። ድምፁ ሸምገል ያለ ከሆነ "አንቱ" በሉ፣ ወጣት ከሆነ "ወንድሜ"፣ "እህቴ" በቂ ነው።

በዚያው ጥሪ ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛ በምን እንደሚቀበሉ፦ ቴሌብር፣ የባንክ ዝውውር ወይስ ጥሬ ብር። ሁለተኛ "ከመኪና ስወርድ ባለ ባጃጁን የት አድርሰኝ ልበለው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሱቁ አዲስ ስለሆነ ስሙን ባለ ባጃጅ አያውቀውም፣ ከየትኛው ባንክ ፊት ለፊት፣ ከየትኛው ትምህርት ቤት አጠገብ እንደሆነ ነው የሚያደርሳችሁ።

በምትሄዱበት ቀን ጠዋት መናኸሪያ ከመድረሳችሁ በፊት ድጋሚ ደውሉ። ማታ ለቅሶ ተሰምቶ ሊሆን ይችላል፣ ትንሽ ከተማ ላይ ለቅሶ ካለ ሱቅ ይዘጋል፣ ይሄን ማንም ቀድሞ ሊነግራችሁ አይችልም።

ስልኩ ካልሰራ፦ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ፣ መብራት ሲጠፋ የስልክ ባትሪ አብሮ ያልቃል። ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ሞክሩ፣ አጭር የጽሑፍ መልእክትም ላኩ፣ ዳታ ባይኖር እሷ ትገባለች። የጠዋቱ ጥሪ ካልተነሳ ግን አትሂዱ፣ ሌላ ቀን አድርጉት።

ደረጃ 4፦ የምትይዙት ነገር

ጥሬ ብር ያዙ፣ ከዝርዝር ጋር። የመጽሐፉን ዋጋ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ለባጃጅ፣ በተጨማሪ መኪና ቢጠፋ የምትጠቀሙበት መጠባበቂያ። ጠዋት የመጀመሪያ ደንበኛ ሆናችሁ ትልልቅ ኖት ብቻ ይዛችሁ ከገባችሁ መልስ የለም፣ ባለቤቱ ዝርዝር ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ሲዞር ሰዓታችሁ ይሄዳል።

ሞባይል ክፍያ ብቻ አምናችሁ አትውጡ። ዳታ ሲጠፋ ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ ደግሞ በ*889# ያለ ኢንተርኔት ይሰራሉ፣ የሚስጥር ቁጥራችሁን ቤት ሆናችሁ አንዴ ሞክራችሁ አረጋግጡ። ስልክ ጥሪው ራሱ ከጠፋ ግን እነሱም አይሰሩም።

ሁለት ጠንከር ያለ ውሃ የማያስገባ ላስቲክ፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ቦርሳ፣ እስክሪብቶ፣ ሊስታችሁ። ክረምት ከሆነ ላስቲኩ የግድ ነው።

ደረጃ 5፦ መንገዱ

መራዊ በዳንግላ መስመር ነው፣ ሐሙሲትና ወረታ ዓባይን ተሻግሮ በጎንደር መስመር። መናኸሪያ ውስጥ ታፔላውን ብቻ አይታችሁ አትግቡ፣ ረዳቱን "እዛ ትጥሉኛላችሁ ወይስ ታልፋላችሁ?" ብላችሁ አስረግጡ። ሚኒባሱ ሳይሞላ ስለማይነሳ አንድ ሰዓት ያህል ለመጠበቅ ትርፍ ያዙ፣ ለሱቁ የነገራችሁትን ሰዓት በዛ ልክ አስሉት።

የመንገዱን ሁኔታ በዛው ጠዋት ጠይቁ፣ ከመናኸሪያ ሰውም ከባለቤቱም። መንገድ ተዘግቷል ወይም ያጠራጥራል ከተባለ ቅሩ። መጽሐፍ በሚቀጥለው ሳምንትም ይገዛል።

መመለሻውን ስትወርዱ ነው የምታስቡት፣ ከገዛችሁ በኋላ አይደለም። ወረታ መገናኛ ስለሆነች ከዛው የሚነሳ መኪና ይገኛል፣ እንደ ሐሙሲት ያለ መሃል መንገድ ላይ ያለ ከተማ ግን የሚመጣው መኪና ከላይ ሞልቶ ነው፣ አስፋልት ዳር ቆማችሁ አንድ ክፍት ወንበር መጠበቅ ይኖርባችኋል። ስለዚህ ከሱቁ ቢዘገይ በ9 ሰዓት ውጡ። ባህር ዳር ስትደርሱ የባጃጅ ሰዓት ገደብ ካለ ደግሞ ከዚያም ቀደም በሉ።

ዘጌ በጀልባ የምትሄዱ ከሆነ ጠዋቱን ተጠቀሙ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ ጀልባው ውስጥ ይረጫል፣ መጽሐፍ ደግሞ ውሃ አይችልም።

ክረምት ላይ በጎንደር መስመር ያሉት የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል፣ ዋናው አስፋልት ክፍት ቢሆን እንኳን ወደ ሐይቁ የሚገቡት የገጠር መንገዶች ጭቃ ይሆናሉ። ሱቁ ከአስፋልቱ ርቆ ከሆነ ባለቤቱን ስለመንገዱ ለይታችሁ ጠይቁት።

ደረጃ 6፦ ሱቁ ውስጥ ስትገቡ

1. ሰላምታ በደንብ ስጡ። "እንደምን አደራችሁ" ብላችሁ ስማችሁን ተናገሩ፣ የደወላችሁት እናንተ እንደሆናችሁ ንገሩት። የተቀመጠላችሁ መጽሐፍ በዚህ ነው የሚወጣው።

2. ሊስቱን ወዲያው አታቀብሉ። በፊት መደርደሪያውን አንድ ዙር እዩ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ። ተደርድሮ ከሆነ በደራሲው በራሱ ስም ነው የምታገኙት፣ በአባቱ ስም አትፈልጉ። ብዙ ጊዜ ግን ቅደም ተከተል የለውም፣ አዲስ ሱቅ ነው፣ የታችኛው ተራና ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ካርቶን ውስጥ ያልተደረደረ ይኖራል። "ያልወጣ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ጥሩው ብዙ ጊዜ እዛ ነው።

3. ቀጥሎ ሊስቱን ስጡትና አብራችሁ ውረዱበት፣ ያለውን ምልክት አድርጉ፣ የሌለውን ለደረጃ 9 ተዉት።

4. አሁን ደግሞ የእሱን ሀሳብ ጠይቁ። "አንተ ካነበብከው የወደድከው የቱ ነው?" በሉት። "ምን ይሸጣል?" ካላችሁት የሚሸጠውን ነው የሚያሳያችሁ። እስቲ አስቡት፣ ሰው ሁሉ ደብተርና እስክሪብቶ በሚጠይቅበት ከተማ መጽሐፍ ልሽጥ ብሎ የቆረጠ ሰው ነው፣ ስላነበበው ነገር የሚጠይቀው ሲያገኝ ፊቱ ይበራል። በሊስታችሁ ላይ ያልነበረ መጽሐፍ ይዛችሁ የምትወጡት በዚህ ጥያቄ ነው።

ማድረግ የሌለባችሁ፦ የውስጥ ገጽ በስልክ ፎቶ ማንሳት። ሁለት ምዕራፍ ፎቶ አንስቶ የሚወጣ ሰው አለ፣ ወይም ሽፋኑን አንስቶ ፒዲኤፉን ቴሌግራም ላይ የሚፈልግ። ያለ ፈቃድ ማባዛትና ማሰራጨት በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው፣ ከህጉም ባሻገር አንድ ኮፒ ያስመጣ ሰው ፊት እንዲህ ማድረግ ልብ ይሰብራል። ሱቁን ለጓደኛ ለማሳየት ፎቶ ከፈለጋችሁ ጠይቁ፣ ደስ ብሎት ነው የሚፈቅደው።

ቡና ከቀረበ ቁጭ በሉ፣ ግን መጽሐፉን ከስኒው አርቁ።

ደረጃ 7፦ ከመክፈላችሁ በፊት መጽሐፉን መርምሩ

በጣም ከምለምናችሁ ነገር አንዱ ይሄ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ሰው ያፍራል፣ የተጠራጠረ ይመስለዋል። ባለቤቱ ራሱ ሁሉንም ገልጦ አላየም፣ በካርቶን ነው የመጣለት፣ ጉድለቱን እዛው ብታገኙለት ለአከፋፋዩ የሚመልሰው እሱ ነው።

ሀ) የገጽ ቁጥር። መጽሐፍ ሲታተም በትልቅ ወረቀት ላይ 8 ወይም 16 ገጽ አንድ ላይ ታትሞ ነው የሚታጠፈው፣ ስለዚህ ሲጎድል አንድ ገጽ ብቻ አይጎድልም፣ ጥቅሉ በሙሉ ነው የሚቀረው፣ ወይም አንዱ ጥቅል ሁለት ጊዜ ይገባና ሌላው ይዘለላል። መጽሐፉን በግራ እጅ ይዛችሁ በቀኝ አውራ ጣት ጠርዙን ቀስ እያላችሁ ልቀቁት፣ ዓይናችሁን ከገጽ ቁጥሩ ላይ አትንቀሉ። ከ64 በኋላ 81 ካያችሁ 16 ገጽ የለም ማለት ነው። ከ64 በኋላ ተመልሶ 49 ከመጣ ተደግሟል፣ እንዲህ ሲሆን ቀጣዩ ጥቅል መኖሩን ለብቻው እዩ።

ለ) ባዶና የተገለበጠ ገጽ። በዛው ዙር ነጭ ሆኖ የሚያልፍ ገጽ ወይም ጽሑፉ ተዘቅዝቆ የታተመ ይታያችኋል። በምዕራፎች መሃል ሆን ተብሎ የተተወ ባዶ ገጽ ሊኖር ስለሚችል ዓረፍተ ነገሩ ተቆርጦ እንደሆነ ከፊቱና ከኋላው አንብቡ።

ሐ) ማጣበቂያው። መሃሉን ግማሽ ያህል ብቻ ክፈቱት፣ ከጀርባው ቀጭን የመሰንጠቅ ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ገጹ ከስሩ ብድግ ካለ ሌላ ኮፒ ጠይቁ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አትጫኑት፣ ካልገዛችሁት ለቀጣዩ ሰው አበላሻችሁበት።

መ) ትክክለኛ ህትመት መሆኑ። የሽፋኑ ፎቶ ደብዘዝ ካለ፣ የውስጡ ፊደል ግራጫ ከሆነ ወይም ጥላ ካለው፣ ጽሑፉ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ማተሚያ ቤቱና ዓመቱ የሚጻፍበት ገጽ ከጠፋ፣ ፎርጅድ ሊሆን ይችላል። ሰው ፊት "ይሄ ፎርጅድ ነው" ብላችሁ አትጩሁ፣ ሻጩ ራሱ ሳያውቅ ተሸጦለት ሊሆን ይችላል። ዝቅ ባለ ድምፅ "ህትመቱ ደብዘዝ ብሎብኛል፣ ሌላ ኮፒ ይኖርሃል?" በሉት፣ ይገባዋል።

ሠ) ያገለገለ መጽሐፍ ከሆነ አሽትቱት። የሻገተ ሽታ ካለው ርጥበት ገብቶበታል፣ ሐይቅ ዳር ይሄ የተለመደ ነው። የተፈለፈሉ ትንንሽ ቀዳዳዎችና ከገጹ መሃል የሚረግፍ ዱቄት መሰል ነገር ካለ ብል በልቶታል፣ ቤት ወዳሉት መጽሐፎቻችሁም ይዛመታል። ሌላ ቦታ የማይገኝ ካልሆነ ተዉት።

ጉድለት ያለበት ብቸኛው ኮፒ ከሆነ፦ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ወይ ትቀይሩልኛላችሁ ብላችሁ በትዕዛዝ ታስመዘግባላችሁ፣ ወይ የጎደለው ብዙም የማያስቸግር ከሆነ ቅናሽ ጠይቃችሁ ትወስዳላችሁ። ታሪክ ያለው ልብ ወለድ ላይ ሁለተኛውን አልመክርም።

ደረጃ 8፦ ዋጋና ክፍያ

አዲስ መጽሐፍ ላይ ዋጋው ጀርባው ላይ ይታተማል። ከታተመው በላይ ከተጠየቃችሁ ወዲያው አትቆጡ፣ ወረቀት ከውጭ የሚመጣ ነው፣ በተለይ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ቀድሞ የታተመ መጽሐፍ አከፋፋዩ ራሱ ዋጋ ለጥፎበት ሊመጣ ይችላል። "አዲሱ ዋጋ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ያስረዳችኋል።

አዲስ መጽሐፍ ላይ እንደ ገበያ ዕቃ ግማሽ ዋጋ ጠርታችሁ አትከራከሩ፣ የሻጩ ድርሻ ትንሽ ናት። ሦስት አራት ስትወስዱ ግን "አስተያየት አድርግልን" ማለት ነውር የለውም። ያገለገለ ላይ መደራደር ይቻላል፣ በደንብ ካያችሁት በኋላ፣ አንዴ ዋጋ ቆርጣችሁ ከተስማማችሁ ግን ወደኋላ አትበሉ።

በስልክ ከከፈላችሁ ማረጋገጫው ለእሱ እስኪደርሰው ጠብቁ፣ ስክሪንሾት አሳይታችሁ አትውጡ። ከናንተ ተቀንሶ ለእሱ ካልደረሰው ድጋሚ አትላኩ። የትራንዛክሽን ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለእሱም ስጡት፣ ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ካልመጣ በጥሬ ብር ክፈሉና በኋላ ከደረሰው በዛው ቁጥር እንዲመልስላችሁ ተስማሙ። መጠባበቂያ ብር ያዙ ያልኩት ለዚህም ነው።

ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ከሌለው የመጽሐፉን ርዕስ፣ ቀኑንና ዋጋውን ጽፎ እንዲፈርምላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 9፦ የሌለውን እዘዙ

"የለም" የሚለው መልስ ላይ ተስፋ ቆርጦ መውጣት ትልቁ ስህተት ነው። ለእንደዚህ አይነት ሱቅ ትዕዛዝ ማለት ገዢው የታወቀ መጽሐፍ ማለት ነው፣ ከመደርደሪያ ሽያጭ በላይ ይጠቅመዋል። እንዲህ አድርጉ፦

1. "ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚመጣላችሁ በስንት በስንት ቀኑ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ አያስጭንም፣ ከሌላ ጋር ሰብስቦ ነው የሚያመጣው። "ነገ ይደርሳል" ካላችሁ አትመኑት፣ እሱም አይዋሽም፣ ደስ ሊያሰኛችሁ ፈልጎ ነው።

2. መዝገቡን ተቀብላችሁ ራሳችሁ ጻፉ። ርዕስ፣ ደራሲ፣ ቅጽ፣ ስልካችሁ፣ ቀኑ። በቃል የተነገረ ርዕስ ይሳሳታል፣ ቅጽ 1 ያላችሁት ቅጽ 2 ሆኖ ይመጣል።

3. ቀብድ ስጡ፣ ሙሉ ዋጋ አትክፈሉ። የሰጣችሁትን መጠን መዝገቡ ላይ አስፍራችሁ ገጹን ፎቶ አንሱ።

4. ሦስት ነገር ተስማሙ፦ ዋጋው ቢጨምር ሳታስታውቁኝ አታምጡ፣ የመጓጓዣው በማን ነው፣ በተባለው ጊዜ ካልተገኘ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ በሌላ መጽሐፍ ይያዛል።

ቀኑ ካለፈ፦ አንዴ ደውሉ፣ በጨዋ ቋንቋ። "ቸኩዬ አይደለም፣ እንዳልተረሳ ብዬ ነው" በቂ ነው። አልተገኘም ከተባለ የቀብዱን ብር ከሱቁ ባለ ሌላ መጽሐፍ ቀይሩት፣ ከሊስታችሁ ሦስተኛ ክፍል ላይ። የመጣውን ትዕዛዝ ሳይወስዱ መቅረት ግን አታድርጉት፣ ሌላ ገዢ የሌለው መጽሐፍ እሱ ላይ ይቀራል፣ ለሚቀጥለው ሰው ትዕዛዝ መቀበል ያቆማል።

ከሱቁ ውጪ ብራና ቢያሳዩዋችሁ

ይሄ ሐይቁ ዳርና ገዳማት አካባቢ የሚያጋጥም ነገር ስለሆነ ለብቻው ላንሳው። መጽሐፍ ፈላጊ መሆናችሁን ያየ ሰው "የድሮ ብራና አለኝ" ብሎ ወደ ጎን ሊጠራችሁ ይችላል። አትግዙ፣ አትያዙ፣ "ለማየት ብቻ" ብላችሁም ቤት አትከተሉት። ከገዳም ወይም ከቤተክርስቲያን የወጣ ሊሆን ይችላል፣ ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብና እንዲጠበቅ ያዛል፣ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማስወጣትንም ይከለክላል። "አልገዛም" ብላችሁ ሂዱ፣ ጉዳዩን ለአካባቢው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። መዝሙረ ዳዊት ወይም ድርሳን ለመጸለያ የምትፈልጉ ከሆነ በወረቀት የታተመውን ባለቤቱን ጠይቁት።

ደረጃ 10፦ መመለስና ቤት

መጽሐፉን በሁለቱ ላስቲክ ጠቅልሉት፣ አፉን ወደ ታች አጥፋችሁ ቦርሳ ውስጥ አድርጉ። ረዳቱ ቦርሳችሁን ፖርቶ መጋላ ላይ ልጫነው ቢላችሁ እምቢ በሉ፣ ወንበር ስርም አታስቀምጡት፣ ዝናብ ሲሆን በሰው እግር የገባው ውሃ እዛ ይጠራቀማል። ጭናችሁ ላይ ይሁን።

ቤት ስትገቡ ላስቲኩን ወዲያው አውጡት፣ ታሽጎ ካደረ ወረቀቱ ርጥበት ይስባል። ከረጠበባችሁ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ይጣመማል። በየጥቂት ገጹ መሃል ንጹህ ነጭ ወረቀት አስገቡ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ አቁሙት፣ ወረቀቱን በየሰዓቱ ቀያይሩ፣ ሊደርቅ ሲል አስተኝታችሁ ከላዩ ከበድ ያለ ነገር ጫኑበት። ጋዜጣ አትጠቀሙ፣ ቀለሙ ይለቃል።

ያገለገለ ከገዛችሁ ለሁለት ሳምንት ከሌሎቹ ለይታችሁ አስቀምጡትና ከስሩ ዱቄት እየረገፈ እንደሆነ እዩ።

በዛው ምሽት ደግማችሁ የገጽ ቁጥሩን ፈትሹ። ሱቅ ውስጥ ያመለጣችሁ ጉድለት ካለ የጎደለውን ቦታ ከፊትና ከኋላ ገጹ ጋር ፎቶ አንስታችሁ በማግስቱ ለባለቤቱ ላኩለት፣ ከደረሰኙ ጋር። እስክሪብቶ አታስነኩት፣ ስማችሁንም አትጻፉበት፣ የተጻፈበት መጽሐፍ አከፋፋዩ አይቀበለውም። ከዛ ራሳችሁ ይዛችሁ መመለስ የግድ አይደለም፣ በዛ መስመር የሚመላለስ የሚያውቀው ሹፌር ካለ ስሙን ይነግራችኋል፣ በእሱ ላኩት፣ ቅያሪውም በእሱ ይመጣላችኋል።